እማዬ «ጨነቀኝ» ስትል የተረጎምኩት

ሕመሙ የጀመረው በጣቶቿ ነው።

እሑድ ጠዋት ነበር። እማዬ ሶፋው ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ሹሩባ ትሠራኛለች። ግራውን ጨርሳ ወደ ቀኙ ስታልፍ እጇ ቆመ። ማበጠሪያው የወደቀባት መስሎኝ ዞር ብዬ ሳይ፣ ጣቶቿን ዓይኗ ሥር አቅርባ ታያቸዋለች። መገጣጠሚያዎቹ አብጠዋል።

«አልታጠፍ አሉኝ» አለች። «ቅዝቃዜው ይሆናል። ትንሽ ቆይተን እንጨርሳለን።»

ቆየን፤ ግን አልጨረስንም። ሰኞ ዕለት ግማሹ የተሠራ፣ ግማሹ የተበተነ ፀጉሬ ላይ ኮፍያ ደፍቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩ «ክፍል ውስጥ ኮፍያ አውልቂ» ሲለኝ «የሃይማኖታችን ነው» ብዬ ዋሸሁት። እሱም ይቅርታ ጠየቀኝ! ያን ዕለት ቤት ገብቼ ይህን ስነግራት እማዬ እስክታነባ ሳቀች። በዚያ ክረምት ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያኔ የእኔ ዕድሜ አሥራ አራት፣ የእማዬ ደግሞ ሠላሳ አራት ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገባን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ቴምፕል በሚባል ሰፈር እትዬ ለተብርሃን ቤት ቤዝመንቱን፣ ማለት ምድር ቤቱን ይዘን እንኖር ነበር። እትዬ ለተብርሃን የአስመራ ሰው ናቸው፤ ትምህርታቸውን ሁሉ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ በብዙ ይበልጣል። ይህን ጽሑፍም ፊደሉን ያረሙልኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ካርቱም ቀርቷል። አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ ወረቀቱ እየታየ ነው እንባላለን። እማዬ የሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ታጥፋለች። ማለት፣ ታጥፍ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሉፐስ ላለባችሁ ነው። ከዚያ ይበልጥ ደግሞ ለእናት ለአባታችሁ ሐኪም ቤት ለምታስተረጉሙ እንደ እኔ ላላችሁ ልጆች።

በሚቀጥለው በጋ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፓርክ ይዘውን ሄዱ። እማዬ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋለች። በማግሥቱ ሁለቱ ጉንጮቿ ቀልተው፣ ቅላቱ በአፍንጫዋ ድልድይ ላይ ተገናኝቶ አየነው። እትዬ ለተብርሃን ከላይ ወርደው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞሩና መረመሯት።

«አልማዝ፣ ይሄ እኮ ማድያት ነው!»

«ኧረ እትዬ!»

«ምን ኧረ ትያለሽ? ባልሽ ካርቱም፣ ማድያትሽ ካልጋሪ! ለቄሱ ምን ልንል ነው?»

ቀልዳቸውን ሲጨርሱ ምች ነው ብለው ወሰኑ። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ፊቱ እንዲህ ከሆነ ሌላ ምን ይባላል? ዳማከሴ የለም። ስለዚህ ከሱቅ ሚንት የሚባለውን ቅጠል ገዝተው፣ «ዘመዱ ነው፣ ይሠራል» እያሉ አሽተው ቀቧት። እማዬ ለሦስት ቀን እንደ ማስቲካ ትሸት ነበር። ቅላቱ ግን አልለቀቀም።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። አፏ ውስጥ ቁስል ወጣ። ፀጉሯ ትራስ ላይ ይቀር ጀመር። ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትተኛለች። የቤተሰብ ሐኪማችን ደም አስመርምሮ ወደ ሩማቶሎጂስት፣ ማለት ወደ መገጣጠሚያ ሐኪም ላከን። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ውጤቱን አይታ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመችልን፦ ሉፐስ።

«የሰውነት መከላከያ ሥራው ጀርም መዋጋት ነው» አለች። «ሉፐስ ያለበት ሰው መከላከያ ግን የራሱን ሰውነት እንደ ጠላት ይቆጥራል። አንዴ መገጣጠሚያ፣ አንዴ ቆዳ፣ አንዴ ኩላሊት ላይ ይነሣል። አይጠፋም። ግን ይያዛል።»

ይህን አስተረጎምኩ። ጥሩ አድርጌ! እማዬ ገባት፣ ጥያቄ ጠየቀች፣ ሐኪሟም «ጎበዝ ልጅ አለሽ» አለቻት። እኔ ያን ቀን በአውቶቡስ ስመለስ መሬት አልረገጥኩም ማለት እችላለሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩም፣ ደብዳቤውም፣ ቀጠሮውም የእኔ ሆነ። አሁን ሳስበው ያ ኩራት ነው ጆሮዬን የደፈነው።

ሁለት መድኃኒት ታዘዘላት። አንደኛው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው። እማዬ የስሙን የመጨረሻ ግማሽ ስትሰማ ቀና አለች።

«ክሎሮኪን? የወባ ኪኒን? ሱዳን ወባን አምልጬ፣ በረዶ ላይ ልዋጠው?»

ሁለተኛው ፕሬድኒሶን ነው። እሱን ስትጀምር ጣቶቿ በሳምንት ውስጥ ተፈቱ፤ ፊቷ ግን እንደ ጨረቃ ክብ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴቶቹ «አልማዝዬ፣ ተመቸሽ መሰለኝ! አማረብሽ፣ ወፈርሽ!» ይሏታል። እሷም «ተመስገን» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ። ሰው በሕመሙ ሲመሰገን ማየት ከባድ ነገር ነው። ግን ተመስገን ከማለት ሌላ ምን ትበል?

እንዲህ ከዓመት በላይ ሄደ። አንዳንዴ ይነሣል፣ አንዳንዴ ይተኛል። ሥራዋን አልተወችም፤ አባዬን ለማምጣት ሥራ ላይ መሆን አለባት።

ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ሲ-ትሬን የሚሉት የከተማ ባቡር ከተከፈተ ብዙ ባልቆየበት፣ በኅዳር መጨረሻ ገደማ ነው ሌላው የጀመረው። ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ ትንሽ ዳገት አለች። እዚህ ግባ የምትባል ዳገት አይደለችም፤ ሕፃናት በበረዶ ሊንሸራተቱባት እንኳን አይመርጧትም። እማዬ መሐሏ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። የሰው መስኮት የምታይ ትመስላለች። «መጋረጃቸው አያምርም?» ትለኛለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ያንኑ መጋረጃ አየነው።

በመጨረሻ ስጠይቃት «ልቤን ጭንቅ ጭንቅ ይለኛል» አለችኝ።

የቤተሰብ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ ያዝኩ። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ሐኪሙ «ዛሬ ምን አመጣችሁ?» አለ።

እማዬ «ልቤን ጭንቅ ጭንቅ ይለኛል በይው» አለችኝ።

እኔ የተረጎምኩት በእንግሊዝኛ «ሺ ዎሪስ አ ሎት» ብዬ ነው። በጣም ትሰጋለች፣ ሐሳብ ታበዛለች እንደ ማለት።

ከአገር ስወጣ ስምንት ዓመቴ ነበር። እኔ የማውቀው «ጨነቀኝ» አንድ ነው፤ አባዬ ደብዳቤ ሲያዘገይ «ጨነቀኝ» የሚባለው። ሌላውን አላውቀውም። ደረት ሲታፈን፣ አየር ሲያጥር፣ ሰው እንደ ተረገጠ ሲሰማውም ያው ቃል መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ደግሞስ ልብ አለበት አይደል? «ልቤን» ስትል የስሜት ነገር መሰለኝ።

ሐኪሙ «የሚያሳስባት ምንድን ነው?» አለኝ።

ወደ እማዬ ዞሬ «ስለ ምንድን ነው የሚጨንቅሽ?» አልኳት።

ግራ ገባት። «ስለ ምን ማለት? እኔ እንጃ፣ ስሄድ ነው እንጂ…»

አላስጨረስኳትም። እኔው መለስኩ። «አባቴ ሱዳን ነው ያለው» አልኩት። «ወረቀቱ ዘግይቷል።»

ሐኪሙ አዘነ። በእውነት አዘነ። ደረቷን በማዳመጫው ሰማ፣ የልብ ምት የሚያነበውን ኢሲጂ አስነሣ። ተኝታ ስለነበር፣ ዳገት ላይ ስላልነበረች፣ ኢሲጂው ደህና ነው አለ። የሚያረጋጋ ኪኒን ጻፈላት። እሱን አልወቅሰውም። የሠራው በነገርኩት ነው።

ኪኒኑ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛት ነበር። እማዬ «ይሄ ለልብ ነው?» ስትለኝ «አዎ፣ ልብሽን ያረጋጋል» አልኳት። ይኸው፣ ሁለተኛውም ውሸት ሳይሆን ውሸት ሆነ። ለአባዬ ካሴት ስንቀዳ «ደህና ነኝ፣ አታስብ» ትልና ቁልፉን ተጭና ታቆመዋለች። ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ታስጀምረዋለች። እሱ ጋ ሲደርስ መቆሙ አይሰማም።

ሦስት ወር እንዲህ ሄድን።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት። ሥራ ልሸኛት ነበር። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደረስን። ቆመች። ከዚያ ተቀመጠች። በረዶው ላይ። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። በዚያ ብርድ። ላብ።

«ሰላሜ፣ ጨነቀኝ» አለች። «ጨነቀኝ።»

እኔም እጇን ይዤ «አይዞሽ እማ፣ አባዬ ይመጣል» አልኳት።

ይህን ዓረፍተ ነገር ልተወው አስቤ ነበር። እትዬ ለተብርሃን «ካልጻፍሽው ሌላውን ለምን ጻፍሽ?» አሉኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ሮጬ እትዬን ጠራኋቸው። የቤት ጫማ እንዳደረጉ መኪናቸውን አስነሥተው መጡ። ኢመርጀንሲ፣ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ አወረዱንና መኪናውን ፓርክ ሊያደርጉ ሄዱ። ነርሷ ጠየቀችኝ። አሁንም ያንኑ አልኩ። ትሰጋለች፣ ለሱም ኪኒን ትወስዳለች። ነርሷ ወጣት ሴት አየች፣ ክብ ፊት አየች፣ የኪኒኑን ስም ጻፈች። ወንበሩን አሳየችን። ተቀመጥን።

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ አመድ መሰለ።

እትዬ ለተብርሃን ገቡ። «ምን አሉ?»

«ጠብቁ አሉ።»

«ምን ብለሻቸው?»

«ጭንቀት ነው ብዬ ነዋ። ሐሳብ ስለሚበዛባት…»

 «ዋይ!» አሉ። «አንቺ ልጅ! የምን ሐሳብ? ጨነቀኝ አለች እኮ! ታፈንኩ ማለቷ ነው! እዚህ ላይ!» ጨብጠው ቡጢያቸውን የራሳቸው ደረት መሐል ላይ አሳረፉት። እንዲያ እንዳሉ ነርሷ ፊት ሄደው ቆሙ። እንግሊዝኛቸው አጭር ነው። በዚያች አጭር እንግሊዝኛ ግን ቤቱን ሞሉት፦ «ኖ ዎሪ! ኖ ዎሪ! ሮክ! ሂር፣ ቢግ ሮክ!» እያሉ ቡጢውን ደረታቸው ላይ ያሽከረክሩታል። ሐሳብ አይደለም፣ እዚህ ትልቅ ድንጋይ አለ ማለታቸው ነው።

ነርሷ ቡጢውን አየች። ቀና ብላ እማዬን አየች። እማዬም እጇን ጨብጣ እዚያው ቦታ ላይ አድርጋ ነበር። ለካ በረዶው ላይ ስትቀመጥም እንዲያው አድርጋ ነበር። አይቻለሁ። አልገባኝም ነበር እንጂ።

ነርሷ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትይዘው?» አለችኝ።

«ከኅዳር» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሮጠ።

የልብ ድካም ሳይሆን፣ የልብ ጥቃት፣ ሃርት አታክ የሚሉት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ቱቦ በብሽሽቷ አስገብተው ቀለም ረጩና ፎቶ አነሡ፤ አንጂዮግራም ይባላል። የልቧን ፊት የሚመግበው ትልቁ የደም ሥር ጠቦ ጠቦ ክር አክሏል። ባሉን በሚሉት ትንሽ ፊኛ ከፈቱት። በሦስተኛው ቀን የልብ ሐኪሙ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በዕድሜ የገፋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። አሁን ግን እኔ ብቻዬን አላስተረጎምኩም፤ እትዬ አጠገቤ ቆመው አማርኛውን ያጣሩ ነበር። ያልገባኝን ቃል «ይድገሙልኝ» እል ነበር። አራት ጊዜ አስደገምኩት።

ከአልጋው ራስጌ ካለው ሣጥን ወረቀት ፎጣ መዞ የደም ሥር ሣለ፤ ልክ እንደ ውሃ ቧንቧ።

«ይህን ዓይነት የደም ሥር ሲጋራ በሚያጨስ የስድሳ ዓመት ሰው ላይ ባየው አልደነቅም» አለ። «እሷ ግን አታጨስም። ሉፐስ ያለባቸው ወጣት ሴቶች ላይ ሲደርስ ግን ሐኪሞች ማየት ከጀመርን ሰንብተናል። ሁሉም ሐኪም ገና አያውቀውም።»

ቧንቧው ግድግዳ ላይ ትንንሽ ክቦች ሣለ። ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። አንዱን ማክሮፌጅ፣ ሌላውን ቲ ሴል አለው። የደም ሥሩ ግድግዳ ሲቆጣ እነዚህ ሴሎች ሊያስተካክሉ ይገባሉ። ማክሮፌጁ እዚያ ያለውን ስብ ይበላል። እየበላ ያብጣል፣ አረፋ ይመስላል። መውጣት ያቅተዋል፣ እዚያው ይቀራል። ሌላው ይከተለዋል። ቧንቧው ከውስጥ ይጠባል። አንድ ቀን ያ እብጠት ይሰነጠቅና ደም ይረጋበታል።

«ታዲያ ሉፐሱ ነው ያመጣው ወይስ ፕሬድኒሶኑ?» አልኩት።

«ምናልባት ሁለቱም» አለ። «ሉፐስ ሴሎቹን ዕረፍት ይነሣቸዋል። ፕሬድኒሶን ደግሞ ኮሌስትሮልንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ያለ ፕሬድኒሶን ግን ኩላሊቷን ታጣ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሙሉ በሙሉ አናውቀውም። እያጠናን ነው።»

«አናውቀውም» የሚል ሐኪም ያኔ ገና መስማቴ ነበር። ይገርማችኋል፣ ያን ቃል ከተናገረ በኋላ ነው ያመንኩት።

ለእማዬ ስንነግራት ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «ስለዚህ» አለች በዚያ በደከመ ድምፅ፣ «ዘበኛው ሌባ ልይዝ ብሎ ጓዳ ገባ። ምግቡን ሲያይ ሌባውን ረሳ። በላ፣ በላ፣ በበሩ አልወጣ አለ።»

እማዬ የጎንደር ልጅ ናትና እትዬ ለተብርሃን «የጎንደር ዘበኛ መሆን አለበት!» አሏት።

«እትዬ፣ የአስመራ ነው፤ ስፓጌቲ ነው የበላው።»

ሐኪሙ ለምን እንደሳቅን ጠየቀ። ነገርኩት። ስድስት ወር ሙሉ ለሌሎች በሽተኞቹ በዚያ ዘበኛ ሲያስረዳ እንደነበር በኋላ ነርሷ ነገረችን።

ሐኪሙ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ግን ኮሪደሩ ላይ ጠራኝና የቀረውን ነገረኝ። ከልቧ ጡንቻ አንድ ክፍል ሞቷል። አይመለስም። «ቀደም ብለን አግኝተናት ቢሆን» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ቀሪውን እኔ ቆጠርኩት። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ሦስት ወር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩ። ሌላ የምጽፈው የለም ስለዚያ።

ከሆስፒታል ስንወጣ የያዝነው የመድኃኒት ከረጢት ከልብሷ ከረጢት ይበልጥ ነበር፤ አስፕሪን፣ የግፊት መድኃኒት፣ ምላስ ሥር የሚቀመጥ ናይትሮግሊሰሪን፣ ከእነሱ ጋር ያው የወባ ኪኒንና ቀስ በቀስ የሚቀነስ ፕሬድኒሶን። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንድትሄድ ታዘዘች፤ ግን በብርድ አይደለም፤ ብርድ የልብን ደም ሥር ይጨብጣል። ታዲያ ካልጋሪ ውስጥ በየካቲት ያለ ብርድ የት ይኬዳል? እትዬ መላ አመጡ፤ ሞል፣ ማለት ትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ። ሱቆቹ ሳይከፈቱ በሮቹ ይከፈታሉና ጡረተኞቹ ሁሉ ስኒከራቸውን አድርገው እየዞሩ ይራመዳሉ። እኛም ቅዳሜና እሑድ ተቀላቀልናቸው። መጀመሪያ ከአንዱ አግዳሚ ወንበር እስከሚቀጥለው፣ በኋላ ሁለት ወንበር አልፈን፣ በሚያዝያ ላይ ደግሞ ከጫማ ሱቁ እስከ ፋርማሲው ሳንቀመጥ ደረስን። የራሳቸው ልብ ሁለት ጊዜ የተከፈተ አንድ ነጭ ሽማግሌ ነበሩና ባለፏት ቁጥር «ጉድ ሞርኒንግ፣ ያንግ ሌዲ»፣ እንደምን አደርሽ ወጣቷ፣ ይሏታል፤ እሷም ሐኪም መስለዋት ለአንድ ወር «ታንክዩ ዶክተር» ስትላቸው ቆየች።

እዚያ ሞል ውስጥ፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነው የነገርኳት። ሐኪሙን ምን እንዳልኩት፣ ምን ማለት መስሎኝ እንደነበር፣ እንዳላስጨረስኳት። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሁሉንም።

 «ያንን ኪኒን ሲሰጡኝ የልብ አለመሆኑን ጠርጥሬያለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ? አንቺ ሐኪሙ ፊት እንደዚያ ኮርተሽ ተቀምጠሽ፣ ልጄ ተሳሳተች ልበል? ደግሞም ስለ አባትሽም ጨንቆኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አልዋሸሽም።» እጄን ያዘች። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አፍ ላይ ነፍሴን የሰቀልኩ እኔ ነኝ።»

ይቅር አልኩሽ አላለችኝም። ይቅር የሚባል ነገር የለም ብላ ነው። እኔ ግን ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን አሥራ ሰባት ሞልቶኛል። እማዬ ወደ ላውንደሪው አልተመለሰችም፤ አንሶላ ማንሣት አትችልም። ሥራ ስለሌላት የአባዬ ወረቀት እንደገና ዘገየ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች በእሷ ፈንታ ለመፈረም እየሞከሩ ነው። አባዬ ስለ ልቧ የሰማው በካሴት ነው። የመለሰው ካሴት መጀመሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ ድምፅ የለበትም፤ የጋራዡ መዶሻ ብቻ ይሰማል። እነዚህ ነገሮች ሞል ውስጥ በመራመድ የሚያልፉ አይደሉም። ይህን የምላችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፤ «ዳነች» የሚለውን ቃል ሰዎች ቶሎ ስለሚሉት ነው። ዳነች። ግን ያንኑ ሆና አይደለም።

ሉፐስ ያለባችሁ እናቶችና እኅቶች፣ «ለልብ ገና ልጅ ነሽ» የሚላችሁን ሰው አትመኑት፤ ሐኪምም ቢሆን፣ ልባችሁን እንዲያይላችሁ የሕመሙን ስም ጠርታችሁ ጠይቁት። ግፊታችሁንና ኮሌስትሮላችሁን አስለኩ። ፕሬድኒሶን ፊቴን አበላሸ ብላችሁ በገዛ እጃችሁ በአንድ ቀን እንዳታቆሙት፤ ይገድላል። ፀሐይ ላይ ባርኔጣ ድፉ። ስትሄዱ የሚመጣ፣ ስትቆሙ የሚተው ነገር ካለ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ስትሄዱ እንደሚመጣና ስትቆሙ እንደሚተው ተናገሩ።

እናንተ የምታስተረጉሙ ደግሞ፣ ስሙኝማ። ጎበዝ ናችሁ፣ አውቃለሁ! ግን አማርኛውን እናውቀዋለን የምንለው የቤት አማርኛ ነው፤ የሕመም አማርኛ ሌላ ነው። «ልቤን» ሲባል ሆድ ሊሆን ይችላል፣ «ፈራሁ» ሲባል ብርድ ብርድ ማለት ሊሆን ይችላል። እናንተ ራሳችሁ መልስ አትመልሱ። ታማሚው ይጨርስ። «እጅሽን የሚያምሽ ቦታ ላይ አድርጊ» በሏት፤ እጅ መተርጎም አያስፈልገውም። ካልገባችሁ «አልገባኝም» በሉ፣ ከተቻለም አዋቂ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሳታፍሩ።

የልብ ሐኪሙንና የመገጣጠሚያ ሐኪሟን፣ ቡጢውን ያየችውን ነርስ፣ ሞል ውስጥ ያሉትን ሽማግሌ አመሰግናለሁ። እትዬ ለተብርሃንን ግን ማመስገን አልችልበትም፤ ስሞክር «አፍሽን ዝጊና አጻጻፍሽን አስተካክዪ» ይሉኛል።

እማዬ በሳምንት ሦስት ቀን እንግሊዝኛ ትማራለች። ባለፈው ወር ቀጠሮዋ ላይ አብሬያት ልገባ ስነሣ፣ «ዛሬ እዚህ ጠብቂኝ» አለችኝ። በሩን ዘጋችው። ኮሪደሩ ላይ አሮጌ መጽሔት ይዤ ተቀመጥኩ። ድምፅዋ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይሰማኝም። ረጅም ነገር ተናገረች። ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀ። ዝም አለች፤ ቃል እየፈለገች ይመስለኛል። ተነሥቼ በሩን ላንኳኳ ነበር። ተቀመጥኩ። አገኘችው መሰለኝ፣ ቀጠለች።

ስትወጣ «ምን አልሽው?» አልኳት።

«ልቤ የኔ ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ?» አለችና ካፖርቷን ሰጠችኝ፣ ላልብሳት።

ደረጃውን ስንወርድ ሁለት ጊዜ ቆመች። ምን እንደሚሰማት ለማንም አልተናገርኩላትም። አጠገቧ ቆሜ ጠበቅኋት።